በእጅ የተሠራ ጌጥ፦ ከሽቦው እስከ ገዢው እጅ

ከሸጥኳቸው የመጀመሪያ ሐብሎች አንዱ በሦስተኛ ሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ዶቃዎቹ ተለቃቅመው በትንሽ ፖስታ ታሽገዋል። ገዢዋ አልተቆጣችም። «ሥራ ቦታ ላይ ተበጠሰብኝ፤ የቻልኩትን ያህል ለቅሜአለሁ» ብቻ ነው ያለችኝ። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ዶቃዎቹን ለመምረጥ ሁለት ቀን ፈጅቻለሁ። ቀለማቸውን አይቼ ሰካሁ፣ ፈታሁ፣ እንደገና ሰካሁ። መቆለፊያውን ያያዝኩት ግን በአምስት ደቂቃ ነበር። የተበጠሰውም እዚያው ጋ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሥራ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር ነው። ሰው ጌጥ የሚገዛው ዓይኑ ባየው ነው፤ ወዶ የሚያቆየው ግን ባላየው ነገር ነው። መጋጠሚያው፣ ከቅቡ ሥር ያለው ብረት፣ ዋጋው ውስጥ የገባው ወይም የተረሳው ሰዓት፤ እነዚህ አይታዩም። ይህ መመሪያ ብቻቸውን ለሚሠሩና ብቻቸውን ለሚሸጡ ሰዎች ነው። ለመጀመር አንድ ጠረጴዛ፣ ጥሩ ብርሃንና ትዕግሥት ይበቃል።

1. አንድ ዓይነት ሥራ ምረጡ

ጀማሪ ሁሉንም መሥራት ያምረዋል። ቀለበት፣ አምባር፣ ሐብል፣ ጉትቻ። አትቸኩሉ። እኔ በጉትቻ ጀምሩ እላለሁ። ልኬት አይጠይቅም፤ ለማንም ይሆናል። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ቢበላሽም አያስቆጭም። ደግሞ ሁልጊዜ ጥንድ ስለምትሠሩ እጃችሁ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ እኩል አድርጎ መሥራትን ይማራል። ቀለበትን ለኋላ አቆዩት። ቀለበት በአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት ጣት አልገባም ይላል።

2. መሣሪያ

ብዙ አይደለም። ክብ አፍ ፒንሳ (ክብ ለመጠምዘዝ)፣ ሁለት ጠፍጣፋ አፍ ፒንሳ፣ ስለቱ ጥሩ የሆነ የጎን መቁረጫ፣ ትንሽ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ መዶሻ፣ ለመቀጥቀጫ የሚሆን ፊቱ የለሰለሰ ጠንካራ ብረት፣ ማስመሪያ፤ ቢቻል ደግሞ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ)። የፒንሳው አፍ ውስጡ ጥርስ ካለው ሽቦውን ይቧጭራል። ጥርስ የሌለውን ፈልጉ።

ገንዘብ የምታወጡበት አንድ መሣሪያ ካለ መቁረጫው ይሁን። መጥፎ መቁረጫ የሽቦውን ጫፍ እንደ ጣሪያ ሹል አድርጎ ይተወዋል። ያ ሹል ጫፍ ሹራብ ይጎትታል፤ አንገት ይጭራል። ጥሩው አንዱን በኩል ጠፍጣፋ አድርጎ ይቆርጣል።

እሳትና ብየዳ የግድ ነው ወይ? አይደለም። አሜሪካዊው ቀራፂ አሌክሳንደር ካልደር (1898–1976) በሕይወት ዘመኑ ወደ 1,800 የሚጠጉ ጌጣጌጦችን ሠርቷል። ሽቦ እየቀጠቀጠ፣ እየጠመዘዘ፣ እየቆለፈ ነው አብዛኛውን የሠራው። ብየዳ ብዙም አይነካም ነበር። ሥራዎቹ ዛሬ በሙዚየም ተቀምጠዋል። ስለዚህ እሳት ስለሌለኝ አልችልም አትበሉ። እሳት ስትጀምሩ ደግሞ መስኮት ክፈቱ፣ መነጽር አድርጉ፣ ፀጉራችሁን እሰሩ። የብየዳ ዘንግ ስትገዙም ካድሚየም የሌለበት መሆኑን ጠይቁ። የካድሚየም ጭስ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው።

3. ብረቱን እወቁ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። አብዛኛው የገዢ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

*መዳብ* ርካሽና ለስላሳ ነው፤ ለልምምድ ይመቻል። *ናስ* መዳብና ዚንክ የተቀላቀሉበት ነው። ወርቃማ ይመስላል፣ ከመዳብ ይጠነክራል። ሁለቱም ከላብ ጋር ሲገናኙ ቆዳ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይተዋሉ። ምልክቱ የመዳብ ጨው ነው፤ በሳሙና ይለቃል። ገዢው ግን ካልተነገረው ይደነግጣል። ቀድማችሁ ንገሩት።

*ብር* ስል ማዕድኑን ነው። ለጌጥ በብዛት የሚሠራበት 925 የሚባለው ነው። ከ1,000 እጅ 925ቱ ብር ነው፤ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። ንጹሕ ብር በጣም ለስላሳ ስለሆነ ነው መዳብ የሚጨመርበት። 925 ይጠቁራል። የሚጠቁረው አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተዋህዶ ነው እንጂ ሐሰተኛ ስለሆነ አይደለም። ይህንንም ለገዢ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ «ብር ነው ብለህ ሸጠህልኝ ጠቆረ» የሚል ሰው አይጠፋም።

*ወርቅ ቅብ* ላይ ተጠንቀቁ። ቅቡ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍል ያነሰ ሊሆን ይችላል። በሚፋተግ ቦታ፣ ለምሳሌ ቀለበት ላይ፣ ቶሎ ይለቃል። ጉትቻ ላይ ይቆያል። በወፍራም የወርቅ ንጣፍ የተሸፈነ ሽቦም አለ። ዋጋው ከቅብ ይበልጣል፤ ግን ለዓመታት ይቆያል። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ በግልጽ ጻፉ። ቅብ የሆነውን «ወርቅ» ብሎ መሸጥ በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል። ከሕጉ በፊት ደግሞ ሰውን ማታለል ነው።

*ኒኬል* ከሌሎች ብረቶች ጋር የሚቀላቀል ነጭ ብረት ነው፤ የብዙ ሰው ጆሮ ጠላት ነው። ጆሮ ያሳክካል፣ ያቆስላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በተበሳ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ብረት በሳምንት ከአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ስፋት ከ0.2 ማይክሮ ግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ ይከለክላል። ይህን ያህል ጥብቅ የሆነው በምክንያት ነው። ጆሮ ውስጥ የምትገባው መንጠቆ ከ925 ብር፣ ከቲታኒየም ወይም ከኒዮቢየም ትሁን። ከሥር የሚንጠለጠለው ናስ ቢሆን ግድ የለም። በመንጠቆዋ አትቆጥቡ።

አሁን ደግሞ ውፍረት። ሽቦ በሚሊ ሜትር ልመዱ። 0.4 እና 0.5 ቀጭን ዶቃ ለመስካትና ለመጠምጠም ነው። 0.8 ለጆሮ መንጠቆ ነው። ከዚያ ከቀጠነ ይጣመማል፤ ከወፈረ ቀዳዳው ውስጥ መግባት ያስቸግራል። ከ1 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ለመቆለፊያና ለትንሽ ክብ፣ 1.5 እና 2 ደግሞ ለአምባርና ለቀለበት። ዶቃ ስትገዙ ቀዳዳውን በሽቦ ሞክሩ። በተለይ የሉል ቀዳዳ ጠባብ ነው። ሉሉን ገዝቶ ሽቦው እንቢ ሲል ማየት ያበሳጫል።

4. የመጀመሪያው ጥንድ ጉትቻ

እንግዲህ እጃችንን እናፍታታ። የምንሠራው አንድ ዶቃ የተንጠለጠለበት ቀላል ጉትቻ ነው።

ከ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ሁለት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁረጡ። ጎን ለጎን አስቀምጡና አነጻጽሩ። የሚበልጠውን በሞረድ አሳጥሩ። ሁለቱ እዚህ ላይ እኩል ካልሆኑ በኋላ እኩል የሚሆኑበት መንገድ የለም።

የአንዱን ጫፍ በክብ አፍ ፒንሳ ይዛችሁ ትንሽ ክብ ጠምዝዙ። ክብ አፍ ፒንሳ ከጫፉ ቀጭን፣ ከሥሩ ወፍራም ነው። ስለዚህ ሽቦውን የያዛችሁበት ቦታ የክቡን መጠን ይወስናል። እኔ ፒንሳው ላይ በማርከር መስመር አሰምራለሁ። ሁለተኛውንም እዚያው መስመር ላይ ይዤ እጠመዝዛለሁ። ይህች ትንሽ ዘዴ የብዙ ወር ልምድ ታሳጥራለች።

አሁን ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ይዛችሁ በእስክሪብቶ ወይም በእርሳስ ወገብ ላይ እጠፏቸው። አንድ ላይ ስለታጠፉ ኩርባቸው አንድ ይሆናል። የጅራታቸውን ጫፍ በትንሹ ወደ ውጭ ቀና አድርጉ።

ቀጥሎ መዶሻ። የታጠፈውን ኩርባ ብቻ በብረቱ ላይ አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ ደብድቡ። አታሳሱት፤ በትንሹ ጠፍጠፍ ይበል። ብረት ሲመታ ይጠነክራል። ያልተመታ መንጠቆ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጥ ብሎ ታገኙታላችሁ። በጣም የተመታ ደግሞ ይሰነጠቃል። እጃችሁ ልዩነቱን እስኪለይ ድረስ በመዳብ ተለማመዱ።

ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ በሞረድ አክብቡ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፦ በቁጥር 400፣ ከዚያ 600፣ ከዚያ 1000። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። ደረጃ አትዝለሉ። የ400 ጭረት በ1000 አይጠፋም። ስትጨርሱ ጫፉን በከንፈራችሁ ዳስሱት። ጣት የሥራ ልማድ አደንዝዞታል፤ ከንፈር ግን አይሳሳትም። ትንሽ እንኳ ከጎረበጣችሁ ገና ነው።

አሁን ዶቃው። ከ0.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ 8 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። በአንዱ ጫፍ ትንሽ ክብ ወይም የተጠቀለለ ራስ ሥሩለት፤ ዶቃው በዚያ ይቆማል። ዶቃውን አስገቡ። ከዶቃው በላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ትታችሁ ሽቦውን በ90 ዲግሪ እጠፉ። ከእጥፋቱ ላይ በክብ አፍ ፒንሳ ክብ ሥሩ። ክቡን ከመዝጋታችሁ በፊት የመንጠቆውን ክብ ውስጡ አስገቡ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ከዚያ ክቡን በጠፍጣፋ ፒንሳ ይዛችሁ ትርፉን ጅራት በአንገቱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ጠምጥሙ። ትርፉን ቁረጡ። የተቆረጠውን ጫፍ በፒንሳ ወደ ውስጥ ተጫኑት።

ሳይጠመጠም በክብ ብቻ የሚዘጋ ቀላል መንገድም አለ። ፈጣን ነው። ግን ሲጎተት ይከፈታል። በእኔ አስተያየት ዶቃ የሚሸከም ክብ ሁሉ መጠምጠም አለበት። አንድ ደቂቃ ተጨማሪ ነው።

ስትጨርሱ ጥንዱን አንጠልጥላችሁ ከሩቅ እዩት። አንዱ ዝቅ ካለ ፈትታችሁ ድገሙ። ክብደቱንም መዝኑ። እኔ አንዱ ጉትቻ ከ7 ግራም እንዲያልፍ አልፈቅድም። ቀኑን ሙሉ የሚከብድ ጉትቻ ምንም ቢያምር መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

5. መጋጠሚያው

ወደ ተበጠሰው ሐብል ልመለስ። ሐብል ወይም አምባር ዶቃ ሲሰካ፣ ጫፉ ላይ ያለችው የምትጨፈለቅ ትንሽ የብረት ዶቃ ናት መቆለፊያውን የምትይዘው። እኔ በተራ ፒንሳ ጨፈለቅኳት። ጠርዟ ስለት ሆነ። በየቀኑ ገመዱን ጥቂት በጥቂት ቆረጠችው።

መደረግ የነበረበት እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ገመዱ ተራ ክር ወይም ናይለን አይሁን። ብዙ ቀጫጭን የብረት ክሮች ተገምደው በናይለን የተሸፈኑበት ገመድ አለ። 49 ክር ያለው ከ7 ክሩ በጣም ይተጣጠፋል፣ ይቆያል። ሁለተኛ፣ የምትጨፈለቀውን ዶቃ ለዚሁ በተሠራው ፒንሳ በሁለት ደረጃ ዝጓት። መጀመሪያ መሐሏን አጎድጉዱ፤ ሁለቱ ገመዶች በየራሳቸው በኩል ይቀመጣሉ። ከዚያ አዙራችሁ እጠፏት። ሦስተኛ፣ የገመዱን ትርፍ ጫፍ ወዲያው አትቁረጡ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ተመልሶ በዶቃዎቹ ውስጥ ይግባ። አራተኛ፣ ዶቃዎቹን አጥብቃችሁ አትጨናንቁ። አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ። ጥብቅ ሐብል አንገት ላይ አይተኛም፤ ገመዱም ይወጠራል።

ትንሿ የማያያዣ ክብስ? ብዙ ሰው ሁለቱን ጫፍ ግራና ቀኝ ጎትቶ ይከፍታታል። እንደዚያ ስትከፈት ክብነቷን ታጣለች፤ በደንብ አትዘጋም። በሁለት ፒንሳ ይዛችሁ አንዱን ጫፍ ወደ እናንተ፣ ሌላውን ከእናንተ አርቁ። በር እንደሚከፈት ማለት ነው። ስትዘጉ በዚያው መንገድ መልሱና ጫፎቹን ትንሽ አሳልፋችሁ ወደ ኋላ መልሷቸው። ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ብረቱ ብረት ሲነካ ነው። ከዚያ መገጣጠሚያውን በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር ከያዘ ወይም ፀጉር ካለፈ ድገሙት።

6. ልኬት

ለሐብል 40 እና 45 ሴንቲ ሜትር አንገት ሥር ያርፋል፤ 50 ወረድ ይላል፤ 60 ደረት ላይ ይደርሳል። የ5 ሴንቲ ሜትር ማራዘሚያ ሰንሰለት ከጨመራችሁ ብዙ አንገት ያስማማል። ለአምባር የእጅ አንጓ ዙሪያ ለክታችሁ 1.5 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ዶቃው ወፍራም ከሆነ ይበልጥ ጨምሩ፤ ውፍረቱ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ቦታውን ይበላል።

ለቀለበት የሚቆረጠው ብረት ርዝመት ሒሳቡ ይህ ነው፦ የውስጥ ስፋቱ (ከዳር እስከ ዳር በመሐሉ የተለካው) ሲደመር የብረቱ ውፍረት፣ ሲባዛ በ3.14። የውስጥ ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር፣ ብረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን 18.5 ሲባዛ በ3.14፣ ወደ 58 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ውፍረቱን የረሳ ሰው ቀለበቱ ይጠበዋል። ጣት በብርድ ይኮማተራል፣ በሙቀትና በምሽት ያብጣል። በጠዋት ብርድ የተለካን ልኬት አትመኑ።

7. ድንጋይና ሉል

የድንጋይ ጥንካሬ በሞስ መለኪያ ከ1 እስከ 10 ይመደባል። አልማዝ 10 ነው። ኳርትዝና ቤተሰቦቹ፣ አሜቲስትን ጨምሮ፣ 7 ናቸው። ቱርኩዝ የሚባለው ሰማያዊ ድንጋይ ከ5 እስከ 6፣ ሉል ደግሞ ከ2.5 እስከ 4.5 ነው። አቧራ ውስጥ የኳርትዝ ብናኝ አለ። ስለዚህ ከ7 በታች የሆነ ድንጋይ ቀለበት ላይ ከሆነ በየቀኑ ይጫራል። ለስላሳውን ለጉትቻና ለሐብል አድርጉት። ሉል ሽቶና ኮምጣጤ አይወድም፤ አሲድ ያበላሸዋል።

ስትገዙ ጠይቁ። ሀውላይት የሚባል ነጭ ድንጋይ በሰማያዊ ቀለም ተነክሮ ቱርኩዝ ተብሎ ይሸጣል። ቀለም በተነከረ ድንጋይ መሥራት ነውር አይደለም። ነውሩ ስሙን መደበቅ ነው። ሻጩ በግልጽ ካልመለሰላችሁ እናንተም ለገዢያችሁ በግልጽ መመለስ አትችሉም። እኔ እንደዚያ ካለ ሻጭ አልገዛም።

8. ሳትሸጡ ልበሱት

አዲስ ዲዛይን ባወጣችሁ ቁጥር የመጀመሪያውን ራሳችሁ አንድ ሳምንት ልበሱት። እጅ ታጥባላችሁ፣ ሹራብ ታወልቃላችሁ፣ ቦርሳ በትከሻ ታነግታላችሁ። ጨርቅ የሚይዝ ጫፍ ካለ ያኔ ይታወቃል። ሐብሉ እየዞረ መቆለፊያው ወደ ፊት የሚመጣ ከሆነም ያኔ ታያላችሁ። መቆለፊያውን በአንድ እጅ መክፈትና መዝጋት ሞክሩ። አምባር የምታደርግ ሴት ብቻዋን ልትኖር ትችላለች።

9. ዋጋ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይከብዳል፤ የእጅ ሳይሆን የልብ ሥራ ስለሆነ። ብዙ ጎበዝ ሠሪ የሚያቆመው ሥራው ስለማይሸጥ ሳይሆን እየሸጠ ስለሚከስር ነው።

መጀመሪያ ሰዓታችሁን መዝግቡ። የሠራችሁበትን ብቻ አይደለም። ፎቶ ያነሳችሁበት፣ መልእክት የመለሳችሁበት፣ ያሸጋችሁበት ሁሉ ሰዓት ነው። ሁለት ሳምንት በደብተር ያዙ። ትደነግጣላችሁ።

አሁን በቁጥር እንየው። ቁጥሩን በራሳችሁ ገንዘብ ተኩት። ለአንድ ጥንድ ጉትቻ ዕቃው 60 ያወጣል እንበል። የፈጀው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የሰዓት ክፍያችሁ 100 ቢሆን 150 ይሆናል። ድምሩ 210። ለመሣሪያ ማለቅ፣ ለመብራት፣ ለማሸጊያ 10 በመቶ ጨምሩ፦ 231። ይህ ወጪያችሁ ነው። የራሳችሁ ደመወዝ ውስጡ አለ፤ ትርፍ ግን ገና የለም። 20 በመቶ ትርፍ ስትጨምሩ ወደ 280 ይጠጋል።

ሱቅ ይሸጥልኝ ብትሉስ? ሱቆች ከሽያጩ 30፣ 40፣ አንዳንዴም 50 በመቶ ይወስዳሉ። ሱቁ 40 በመቶ የሚወስድ ከሆነ ብዙ ሰው 280 ላይ 40 በመቶ ጨምሮ 392 ይላል። ስሕተቱ እዚህ ነው። ሱቁ 40 በመቶውን የሚወስደው ከ392ቱ ነው። 157 ይወስዳል። ለእናንተ 235 ይቀራል። ትርፉ ተነነ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ማካፈል ነው፦ 280 ሲካፈል ለ0.6፣ ወደ 467። ሱቁ ድርሻውን ሲወስድ 280 እጃችሁ ይገባል።

በራሳችሁ ስትሸጡም ያው 467 ይሁን። ሱቅ ውስጥ 467፣ ከእናንተ ዘንድ 280 ከሆነ ሱቁ ነገ ዕቃችሁን ይመልሳል፤ እውነትም አለው። ደግሞ በራሳችሁ ስትሸጡ የሱቁን ሥራ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ያ ልዩነት የዚያ ሥራ ክፍያ ነው።

«467 ማን ይገዛዋል?» ካላችሁ ሰዓቱን አሳጥሩ እንጂ ደመወዛችሁን አትቁረጡ። አንድ ጥንድ ከመሥራት አሥር ጥንድ አንድ ላይ ሥሩ። ሽቦውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቁረጡ፣ በአንድ ጊዜ ጠምዝዙ፣ በአንድ ጊዜ አለስልሱ። መሣሪያ የማንሳትና የማስቀመጥ ጊዜ ይቀራል። አንድ ሰዓት ተኩል የነበረው ወደ 50 ደቂቃ ሊወርድ ይችላል። ሌላው መንገድ ዲዛይኑን ማቅለል ነው።

ወዳጅ ዘመድ «ለእኔ ቀንሽልኝ» ወይም «ቀንስልኝ» ማለቱ አይቀርም። ለምትወዱት ሰው ስጦታ ስጡ። ሙሉውን ስጡ። ግማሽ ዋጋ ግን ስጦታም አይደለም፣ ሽያጭም አይደለም።

10. ፎቶና መግለጫ

የስልክ ካሜራ ይበቃል። ወሳኙ ብርሃኑ ነው። ቀጥታ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት አጠገብ ነጭ ወረቀት አንጥፉ። ከመስኮቱ ተቃራኒ ሌላ ነጭ ወረቀት አቁሙ፤ ጥላውን ያለሰልሳል። ፍላሽ አትጠቀሙ። የሚያብረቀርቅ ብረት እንደ መስታወት ነው፤ የእናንተን ጥቁር ሸሚዝ ጨምሮ ፊቱ ያለውን ሁሉ ያሳያል። ነጭ ልበሱ።

ከፊት፣ ከኋላ፣ መቆለፊያውን በቅርብ፣ እና ሰው ለብሶት አንሱ። የለበሰ ሰው ፎቶ የሌለው ጉትቻ መጠኑ አይታወቅም። መግለጫው ላይ ርዝመቱን በሚሊ ሜትር፣ ክብደቱን በግራም፣ ብረቱን በስሙ ጻፉ። «በጣም ያምራል» አትበሉ፤ እሱን ፎቶው ይናገር።

11. መሸጫ ቦታ

መጀመሪያ ባዛር ላይ ቁሙ። በኢንተርኔት ሺህ ሰው ቢያይ ለምን እንዳልገዛ አይነግራችሁም። ጠረጴዛ ላይ ግን ሰውየው አንስቶ ሲመዝን፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ መስታወት ስትፈልግ፣ ዋጋውን ገልብጠው ሲያዩ ታያላችሁ። መስታወት ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋ ጻፉበት፤ ብዙ ሰው ዋጋ መጠየቅ ያፍራል። ዕቃውን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጋችሁ ወደ ዓይን አቅርቡት።

ሱቅ ውስጥ በአደራ ስታስቀምጡ የዝርዝር ወረቀት አስፈርሙ። ስንት ፍሬ፣ በምን ዋጋ፣ ክፍያው መቼ፣ ቢጠፋ ማን ይከፍላል። ሳይጻፍ የተሰጠ ዕቃ ላይ ከመልካም ሰው ጋር እንኳ ትጣላላችሁ። እኔ ደርሶብኛል፤ የተጣላነው በክፋት ሳይሆን ሁለታችንም ቁጥሩን ስለረሳን ነው።

ልዩ ትእዛዝ ሲመጣ ግማሹን ቅድሚያ ተቀበሉ። ንድፉን በወረቀት ሥላችሁ አሳዩና «ይሁን» የሚለውን በጽሑፍ ያዙ። አንዳንዱ የሌላ ሠሪን ሥራ ፎቶ አምጥቶ «ይህንኑ ሥሩልኝ» ይላል። እንቢ በሉ። ምኑን እንደወደደው ጠይቁት። ቅርጹን ነው? ቀለሙን? ርዝመቱን? ከመልሱ ተነስታችሁ የራሳችሁን ሥሩለት። እኔ ጥሩ ከምላቸው ዲዛይኖች ሁለቱ የተወለዱት ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው።

12. ከሸጣችሁ በኋላ

ከዕቃው ጋር ትንሽ ወረቀት ይሂድ። ብረቱ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ቢበላሽ ወዴት እንደሚመለስ። ብር ሳይለበስ ሲቀር አየር በማያስገባ ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ይቀመጥ። ሽቶ መጀመሪያ፣ ጌጥ በመጨረሻ። ለጥገና ስድስት ወር በነፃ እቀበላለሁ። ካልኩት በላይ ቆይቶ የመጣውንም አብዛኛውን ጊዜ እጠግናለሁ።

የተበላሸ ሲመለስላችሁ ለመጠገን አትቸኩሉ። መጀመሪያ የት ላይ እንደተበላሸ በአጉሊ መነጽር እዩ። ሽቦው ተቆርጧል? ክቡ ተከፍቷል? ድንጋዩ ወድቋል? በደብተር ጻፉት፤ ቀኑን፣ ዲዛይኑን፣ ቦታውን። አንድ ዲዛይን በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ከተበላሸ የተሰበረው አንድ ጉትቻ አይደለም፣ ዲዛይኑ ነው። መሥራቱን አቁማችሁ ቀይሩት። ከዚያ ያንኑ የገዙትን ሰዎች ዝርዝር አውጡና ሳይበላሽባቸው በፊት ጻፉላቸው፦ «አምጡልኝ፣ መጋጠሚያውን ልቀይርላችሁ።»